ቅዳሴውና ቡናው፦ የዘጌ ገዳማት እስከ ዛሬ የቆዩበት ምክንያት

በደቡብ ምዕራብ በኩል ጣና ሐይቅን ገፍቶ የገባ፣ በደን የተሸፈነ ባሕረ ገብ መሬት አለ፤ ዘጌ ይባላል። ከባሕር ዳር በሞተር ጀልባ አንድ ሰዓት ያህል ያስኬዳል፤ በየብስም መንገድ አለው። ዑራ ኪዳነ ምሕረት፣ አዝዋ ማርያም፣ መሐል ዘጌ ጊዮርጊስ፣ በትረ ማርያም፣ ቤተ ሥላሴ፣ ይጋንዳ ተክለ ሃይማኖት፣ ፉሬ ማርያም የሚባሉት ገዳማትና ቤተ ክርስቲያናት በዚህች ጠባብ ምድር ላይ ተጠጋግተው ይገኛሉ። ወደዚያ የሚሄድ እንግዳ የመቅደሱን ሥዕል፣ በዕቃ ቤት የተቀመጡትን ዘውዶችና የብራና መጻሕፍት አይቶ፣ አድንቆ ይመለሳል። ሁለት ነገሮችን ግን አያይዞ የሚጠይቅ ብዙ ሰው የለም። ከጭቃና ከእንጨት የተሠራ ቤት ለዘመናት እንዴት ቆየ? በዙሪያው ያለው አገር ሁሉ ታርሶ ሲራቆት ይህ ደንስ እንዴት ተረፈ? እንደ እኔ እምነት የሁለቱም ጥያቄዎች መልስ አንድ ነው። የዘጌን ቤተ ክርስቲያናት ያቆያቸው የመንደሩ አኗኗር ነው፤ አምልኮውና የዕለት እንጀራው ተሳስረው ስለኖሩ ሕንጻውም ደኑም ኖሩ። ይህን ማወቅ የሚጠቅመው ለታሪክ ብቻ አይደለም። ቅርስ እንጠብቅ ስንል ምን መጠበቅ እንዳለብን የሚወስነው ይኸው ነው።

ከሕንጻዎቹ እንጀምር። ላሊበላ ከአለት የተፈለፈለ ነው፤ የአክሱም ሐውልቶችም ድንጋይ ናቸው። የዘጌ ቤተ ክርስቲያናት ግን በአብዛኛው ከእንጨት፣ ከጭቃና ከጭድ የተሠሩ፣ ጣሪያቸው ከጥንት ሣር የነበረ ክብ ቤቶች ናቸው። ውጭኛው ዙር መዘምራኑ የሚቆሙበት ቅኔ ማኅሌት ነው፤ ቀጥሎ ምእመናን የሚቆርቡበት ቅድስት አለ፤ መሐሉ ላይ ታቦቱ የሚያድርበት መቅደስ ይገኛል። የመቅደሱ ውጭኛ ግድግዳ ከላይ እስከ ታች በሥዕል የተሞላ ነው። ሥዕሉ የተሣለው በግድግዳው ላይ በተለጠፈ ጨርቅ ላይ ሲሆን፣ አብዛኛው የ18ኛውና የ19ኛው መቶ ዘመን ሥራ ነው። እንዲህ ያለ ቤት ጠላቱ ብዙ ነው። ምስጥ እንጨቱን ይበላዋል፤ የጣና ክረምት ከባድ ነው፤ ጣሪያው አንድ ቦታ ካፈሰሰ ውሃው በጨርቁ ላይ ወርዶ ቀለሙን ያጥበዋል። የሣር ክዳን በየጥቂት ዓመቱ መታደስ አለበት፤ ጭቃው መለሰን፣ ማገሩ መተካት ይፈልጋል። ስለዚህ አንድ የዘጌ ቤተ ክርስቲያን ብዙ መቶ ዓመት ኖረ ስንል፣ እያንዳንዱ ትውልድ ሣር አጭዶ፣ እንጨት ተሸክሞ፣ ጭቃ አቡክቶ መልሶ ሠራው ማለታችን ነው። ድንጋይ ሰው ትቶት ቢሄድም ለዘመናት ይቆማል። የጭቃ ቤት ግን ሰው ከተለየው በጥቂት ክረምት ይፈርሳል። ዛሬ ቆሞ የምናየው እያንዳንዱ ግድግዳ መንደሩ ሳይበተን እንደኖረ የሚመሰክር ማስረጃ ነው።

ከጥገናው በላይ ደግሞ የዕለቱ አገልግሎት አለ። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ቅዳሴ ለመቀደስ ቢያንስ አምስት ልዑካን ያስፈልጋሉ፤ ሁለት ቀሳውስትና ሦስት ዲያቆናት። ማኅሌት ሲቆም መሪጌታና ደብተራ አለ፤ ንብረቱን የሚቆጣጠር ገበዝ አለ፤ ከሩቅ አገር መጥቶ ዜማና ቅኔ የሚማር የቆሎ ተማሪ አለ። ለኅብስቱ ስንዴ፣ ለወይኑ ዘቢብ፣ ለመብራቱ ጧፍ፣ ለጸሎቱ ዕጣን መገኘት አለበት። ይህን ሁሉ በአንድ መንደር ውስጥ ለአንድ ቤተ ክርስቲያን ማሟላት ቀላል አይደለም፤ ዘጌ ግን ለሰባት አሟልታ ኖራለች። በገዳማቱ ዙሪያ የሚኖሩት መነኮሳት ብቻ አይደሉም፤ ባለትዳር ቀሳውስት፣ ገበሬዎች፣ ነጋዴዎች፣ ሴቶችና ልጆች ናቸው። ገዳሙና መንደሩ በአጥር ተለይተው የሚኖሩ ሁለት ዓለማት አይደሉም። እንግዲህ ይህን ሁሉ ሰውና ወጪ የተሸከመው ሀብት ከየት መጣ?

የዘጌ ሰው ይህን ጥያቄ የሚመልሰው በአቡነ በትረ ማርያም ታሪክ ነው። በአካባቢው ትውፊት አቡነ በትረ ማርያም ከሸዋ፣ ከሙገር አገር የመጡ መነኩሴ ናቸው። በትራቸውን ለሦስት ከፍለው ቢተክሉት ቡና፣ ጌሾና ሎሚ ሆኖ በቀለ ይባላል። በተሰጣቸው ቃል ኪዳን መሠረትም የዘጌ ሰው መሬት ሳያርስና ከብት ሳያረባ በእነዚህ ተክሎች እንዲኖር ተወሰነ። ትውፊቱን በእምነት የሚቀበል ሰው ማስረጃ አያስፈልገውም። የማይቀበለውም ቢሆን አንድ ነገር ሊክድ አይችልም፦ ሞፈርና ቀንበር በባሕረ ገቡ ላይ ክልክል ሆኖ ለዘመናት ኖሯል፤ የከብት መንጋም አይረባበትም። በአማራ ገበሬ ዘንድ በሬ የሌለው ሰው እንደ ሰው በማይቆጠርበት አገር፣ አንድ ማኅበረሰብ በሙሉ ያለ በሬ ለመኖር መወሰኑ ትልቅ ነገር ነው። ይህ ክልከላ የደኑ ጠባቂ ሆነ። ማረሻ ከሌለ መሬት የሚመነጥር የለም፤ ከብት ከሌለ ችግኝ የሚነጭና የሚረግጥ የለም።

ክልከላው ብቻውን ቢሆን ግን ሰውን ያስርብ ነበር። እንዲጸና ያደረገው ቡናው ነው። ቡና ከዛፍ ጥላ ሥር የሚለማ ተክል ነው፤ ስለዚህ የዘጌ ገበሬ ዋንዛውን፣ ብርብራውን፣ እሸውንና ሌላውን ትልልቅ ዛፍ የሚጠብቀው ለቡናው ሲል ነው። ከቡናው ጎን ጌሾ ይበቅላል፤ ሎሚና ሌላ ፍራፍሬም አለ። ጤፍና በቆሎ የሚገዛው ከገበያ ነው፤ ቡናና ጌሾ ሸጦ፣ በአፋፍ ገበያ ወይም በባሕር ዳር እህል ሸምቶ ይመለሳል። ጭነቱን ከደንገል የተሠራው ታንኳ ለዘመናት በሐይቁ ላይ አመላልሶታል። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው የታሪክ ነጥብ አለ። እስከ 19ኛው መቶ ዘመን ድረስ በሰሜኑ ክርስቲያን ዘንድ ቡና መጠጣት የሚነቀፍ፣ የሌላ ሃይማኖት ልማድ ተደርጎ የሚታይ ነበር። የዘጌ ካህናት ግን ቡናውን ተክለው ለነጋዴ ይሸጡት ነበር፤ የሰሜኑ ንግድም በአብዛኛው በሙስሊም ነጋዴዎች እጅ ነበር። ስለዚህ የገዳማቱን ጧፍና ዕጣን ከገዛው ገንዘብ ቀላል የማይባለው ድርሻ ከሙስሊም ነጋዴ ኪስ የወጣ ነው። ዘጌ ዓለምን የሸሸች የብሕትውና ደሴት ብቻ አልነበረችም፤ ከጎንደርና ከሱዳን ገበያ ጋር የተገናኘች የንግድ ምድርም ነበረች።

ክርክሬን ይበልጥ የሚያጠናክረው ንጽጽር ነው። ከጣና በስተ ምሥራቅ፣ በደቡብ ጎንደር፣ ብዙ ቤተ ክርስቲያናት በደን ተከበው ይታያሉ። ከአየር ሲታዩ በታረሰ መሬት መካከል የተበተኑ አረንጓዴ ክቦች ናቸው። የደን ተመራማሪው ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ በ28 የአካባቢው ቤተ ክርስቲያናት ባደረጉት ጥናት 168 ዓይነት እንጨት ነክ ተክሎችን መዝግበዋል፤ አብዛኞቹ አገር በቀል ናቸው። ይህ የእምነትን ጉልበት ያሳያል፤ ቤተ ክርስቲያኗ ባትኖር ኖሮ እነዚህ ዛፎች ዛሬ አይገኙም ነበር። ግን ወሰኑንም ያሳያል። በደቡብ ጎንደር ደኑ የቆመው ከግቢው ዳር ላይ ነው፤ ከዚያ ወዲያ እርሻ ነው፤ በየዓመቱም ማረሻው ወደ ውስጥ ይገፋል፣ ከብቱ ይገባል። ስለዚህም ነው በቅርብ ዓመታት ምእመናኑ ከተመራማሪዎች ጋር ተባብረው በደኖቹ ዙሪያ የድንጋይ ካብ መካብ የጀመሩት። በዘጌ ግን ደኑ በግቢ አልተወሰነም፤ ባሕረ ገቡን ሸፍኗል። ሃይማኖቱ አንድ ነው፤ ሥርዓቱ አንድ ነው፤ ለዛፍ ያለው አክብሮትም አንድ ነው። የተለየው መተዳደሪያው ነው። በደቡብ ጎንደር ምእመኑ ጸሎቱን በደን ውስጥ ያደርሳል፣ እንጀራውን ግን ደኑን በመመንጠር ያገኛል። በዘጌ ሁለቱም ከአንድ ጥላ ሥር ይገኛሉ።

እንዲህ ከሆነ ሃይማኖቱ ትርፍ ነው፣ ቁም ነገሩ ቡናው ነው የሚል ሰው ሊነሳ ይችላል። ይህ የመጀመሪያው ተቃውሞ ነው፤ ሐረርጌን ስናይ ግን መልሱን እናገኛለን። ሐረርጌም የታወቀ የቡና አገር ነው። የቡና ዋጋ ሲወድቅና የጫት ዋጋ ሲወጣ ብዙ ገበሬ ቡናውን ነቅሎ ጫት ተከለ። ማንም ሊፈርድበት አይችልም፤ ገበያው ያዘዘውን አደረገ። በባሕር ዳር ዙሪያም ጫት በስፋት ተተክሏል። የቡና ዋጋ በዘጌ ላይ ሲወድቅ ግን ገበሬው ከገበያው ሌላ የሚሰማው ድምፅ ነበረው፤ የቃል ኪዳን ድምፅ። ገበያ በክፉ ዘመን ደን አይጠብቅም፤ እምነት ብቻውን ደግሞ ረሃብ በመጣ ጊዜ ይፈተናል። አንዱ ሲደክም ሌላው ደግፎ እስኪያልፍ ስለቆየ ነው ሥርዓቱ የጸናው። ኤኮኖሚው ያለ ሃይማኖቱ፣ ሃይማኖቱም ያለ ኤኮኖሚው ይህን ያህል ርቀት ባልሄዱም ነበር።

ይህን መተሳሰር በየቀኑ የሚያድሰው የማኅበር ሕይወቱ ነው። በየወሩ 7 ሥላሴ፣ 16 ኪዳነ ምሕረት፣ 21 ማርያም፣ 23 ጊዮርጊስ፣ 24 ተክለ ሃይማኖት እያለ የሚሄደው አቆጣጠር የሥራውንም የዕረፍቱንም ቀን ይወስናል። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰንበቴ አለ፤ ተረኛው ዳቦና ጠላ ያመጣል፣ ካህኑ ይባርካል፣ ድሀውም ሀብታሙም አብሮ ይቀምሳል። በጻድቁ ወይም በመልአኩ ስም የጽዋ ማኅበር ይጠጣል፤ ለሞተ ሰው ተዝካር ይወጣል፤ ለስእለት ዝክር ይዘከራል። ጠላው የሚጠነሰሰው በዚያው ደን በበቀለው ጌሾ ነው። አጥብቆ ለሚጾም ሰው በዓመቱ ውስጥ ያሉት የጾም ቀናት 250 ያህል ይደርሳሉ። አንትሮፖሎጂስቱ ቶም ቦይልስተን ዘጌን አጥንቶ እ.ኤ.አ. በ2018 ባሳተመው መጽሐፍ የዚህን ማኅበረሰብ ሕይወት የተመለከተው ከጾምና ከክልከላ አንጻር ነው፤ መቼ እንደሚበላና እንደማይበላ፣ ማን ወዴት እንደሚገባና እንደማይገባ የሚወስነው ሥርዓት ሰውን ከሰው፣ ሰውንም ከእግዚአብሔር ጋር የሚያገናኝ መሆኑን ያሳያል። እኔ ከዚህ የምወስደው አንድ ነገር ነው። ከልጅነቱ ጀምሮ ራሱን መከልከል የተማረ ሕዝብ ዛፍ አትቁረጥ ቢባል ትእዛዙ እንግዳ አይሆንበትም። የደኑን ክልከላ ከጾሙ ክልከላ ጋር በአንድ ትምህርት ቤት የተማረው ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከባድ ነው፤ በቅንነት መመለስ አለበት። ይህ የተወደሰ ሥርዓት የቆመው በማን ጉልበት ነው? የታሪክ ተመራማሪው አብዱሰመድ አህመድ እ.ኤ.አ. ከ1900 እስከ 1935 ያለውን የዘጌ ታሪክ መርምረው እ.ኤ.አ. በ1996 ባሳተሙት ጥናት የቡናውን ተክል ከያዙት መካከል ካህናት እንደነበሩበት፣ በቡናው ሥራም ባሮች ይሠሩ እንደነበር አሳይተዋል። ይህን መሸፋፈን አይገባም። ከመቅደሱ ሥዕልና ከብሩ መስቀል ጀርባ ስማቸው ያልተጻፈ ሰዎች ላብ አለ። በ1934 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ባርነትን በሕግ ቢያስወግድም፣ የቀድሞ ባሮች ልጆች በዘር እየተጠሩ ከማዕድና ከጋብቻ መገለላቸው በሕግ ብቻ የሚጠፋ አልሆነም። ዘጌን ያለ ነቀፋ የሚያወድስ ጽሑፍ እነዚህን ሰዎች ዳግመኛ ይበድላቸዋል። ሆኖም ከዚህ የሚከተለው ድምዳሜ ሥርዓቱ በሙሉ ይጣል የሚል አይደለም። የደኑ ክልከላ ባርነትን አልጠየቀም፤ ባርነት ከቀረ በኋላም ክልከላው ቀጥሏል። መጠበቅ ያለበት አትረስ፣ አትቁረጥ የሚለው ቃል ኪዳን ነው፤ መቅረት ያለበት የሰው ልጅ መናቅ ነው። ሰንበቴው ሁሉን የሚያስቀምጥ ማዕድ ከሆነ፣ የባሮች ልጅ ልጆች ቦታቸው በዚያው ማዕድ መሐል መሆን አለበት። ታሪካቸውም ለጎብኚ ከሚነገረው ታሪክ ውስጥ መግባት ይገባዋል።

ሥርዓቱ ከባላባትነትና ከባርነት ሌላ ሥር እንዳለው የሚያሳየው የአብዮቱ ዘመን ነው። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ መሬትን ሁሉ የሕዝብ አደረገ፤ ቤተ ክርስቲያን በመላ አገሪቱ የነበራትን የመሬት መብት አጣች። በምድር ላይ ያላት ሥልጣን በሕግ ሲነሳ የዘጌ ደን መመንጠር ነበረበት፤ በሌላው አገር እንዲህ ያለ ሽግግር ዛፍ አስጨርሷል። ዘጌ ግን እርሻ አልሆነችም። ከመሬት ግብር ያጣችውን ገቢ ቤተ ክርስቲያን በምእመናኗ አስተዋጽኦ መተካት ጀመረች፤ በ1965 ዓ.ም. በወጣው ቃለ ዓዋዲ የተቋቋመው የሰበካ ጉባኤም ካህናትንና ምእመናንን በአንድ ምክር ስላስቀመጠ ለዚህ መንገድ ከፍቷል። ባለመሬትነቱ ሲቀር ቃል ኪዳኑ ያልቀረው ባለቤቱ መንደሩ ስለነበረ ነው።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከመልክዓ ምድር የሚነሳ ነው፦ ዘጌን ያዳናት ሐይቁ ነው፣ ርቀትና ውሃ ነው ይባላል። ውሃው መርዳቱ እውነት ነው። ይሁን እንጂ ከዘጌ ይልቅ ወደ ሐይቁ መሐል የገባችውን ደቅ ደሴትን እንመልከት። ደቅ የጣና ትልቋ ደሴት ናት፤ በአጠገቧ በ18ኛው መቶ ዘመን እቴጌ ምንትዋብ ያሠሯት ናርጋ ሥላሴ አለች። ቤተ ክርስቲያኗ እስከ ዛሬ ቆማለች፤ ደቅ ግን ትታረሳለች፣ እህል ታመርታለች፣ እንደ ዘጌ ያለ ደን የላትም። ዘጌ ደግሞ በአንድ ወገን ከየብስ ጋር የተያያዘች፣ ማንም በእግሩ ሊገባባት የሚችል ምድር ናት። ውሃ ብቻውን ደን የሚጠብቅ ቢሆን ኖሮ ደቅ ደን፣ ዘጌ እርሻ በሆነች ነበር።

አራተኛው ተቃውሞ የዛሬው ነው፤ ከሁሉም በላይ ሊያሳስበን የሚገባውም እርሱ ነው። ደን አይበላም፤ ማረስ ክልክል ነው የምትሉት ድሀ ምን ይብላ? ይህን የሚጠይቅ ሰው ትክክል ነው። የቡና መሬቱ ለልጅ ሲከፋፈል እያነሰ ሄዷል፤ ቡናው በበሽታ ይጠቃል፤ መሬት የሌለው ወጣት ብዙ ነው። የቡና መሬት የሌላት እናት ማገዶ ለቅማ ለባሕር ዳር ገበያ ብታቀርብ፣ ወጣቱም ግንድ ቢሸጥ የሚያስደንቅ አይደለም። እነዚህን ሰዎች የደን ጠላት ብሎ መክሰስ ቀላል ነው፤ ፍትሕ ግን አይደለም። የእኔ ክርክር ራሱ ወደ እነርሱ ይመራል። ዘጌን ያቆማት የጸሎትና የእንጀራ መተሳሰር ከሆነ፣ እንጀራው ሲጠፋ ጸሎቱ ብቻውን ደኑን ይጠብቅ ማለት በደቡብ ጎንደር የሆነውን መድገም ነው። ክልከላውን የሚያድነው ክልከላውን የሚጠብቅ ሰው ከክልከላው ሲጠቀም ነው። ማረስን መፍቀድ ግን መፍትሔ አይሆንም፤ ተዳፋቱ መሬት አንዴ ከተመነጠረ አፈሩ በጥቂት ክረምት ወደ ሐይቁ ይወርዳል፣ ቡናውም ጥላውን ያጣል። ዛሬ ለአንድ ቤተሰብ የበቆሎ ምርት የሚሰጠው መሬት ለልጆቹ ምንም የማይሰጥ ይሆናል።

አምስተኛው ተቃውሞ የተማረው ሰው ተቃውሞ ነው፦ የተፈጥሮ ጥበቃ በሳይንስና በመንግሥት ሕግ እንጂ በገዳም ትውፊት መመራት የለበትም ይላል። የጣና አካባቢ እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የባዮስፌር ክልል ተብሎ መመዝገቡ እሰየው የሚያሰኝ ነው፤ ሳይንሱም ያስፈልጋል። የአገራችን ልምድ ግን የወረቀት ሕግ ብቻውን ደን እንዳላዳነ በየተራራው ያሳየናል። እ.ኤ.አ. በ2009 በኤኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት ያገኙት ኤሊኖር ኦስትሮም በሕይወት ዘመን ሥራቸው ያስረዱት ይህንኑ ነው፦ የጋራ ሀብትን ተጠቃሚዎቹ ራሳቸው ባወጡት፣ በሚያምኑበትና እርስ በርስ በሚጠባበቁበት ሕግ ሲመሩት ለረጅም ዘመን ሊቆይ ይችላል። ዘጌ የዚህ ምሳሌ ናት። እዚያ ያለው ሕግ የሚከበረው ፖሊስ ስላለ አይደለም፤ የሚጥሰው ሰው በሰንበቴው ላይ ጎረቤቱን ቀና ብሎ ማየት ስለሚከብደው ነው። የመንግሥት ሕግ እንዲህ ያለውን ሕግ ሊያግዘው ይገባል፤ ሊተካው ቢሞክር ግን ሁለቱንም ያጣል።

ብዙዎች መፍትሔው ቱሪዝም ነው ይላሉ። ቱሪዝም ጠቅሟል፤ ለጀልባ ነጂው፣ ለአስጎብኚው፣ ወደ ዑራ በሚወስደው መንገድ ዳር የእጅ ሥራ ለሚሸጡት፣ ለገዳማቱም ገቢ ሆኗል። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2020 የኮሮና ወረርሽኝ ሲመጣ፣ በዚያው ዓመት መጨረሻ የሰሜኑ ጦርነት ሲጀመር፣ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮም በአማራ ክልል ሌላ ግጭት ሲነሳ እንግዳው ቀረ። ሰላም ሲጠፋ መጀመሪያ የሚደርቅ ገቢ ይህ ነው። ሌላም አደጋ አለው፤ ገንዘቡ የሚገባው ሥዕሉና ዘውዱ ላላቸው ገዳማት ሲሆን ደኑን የሚጠብቀው መንደር ሁሉ ነው። ጥቅሙ ወደ አንድ ወገን፣ ሸክሙ ወደ ሌላው ሲሄድ ቃል ኪዳኑ ይላላል። ቱሪዝም ድጋፍ ይሁን፤ ምሰሶው ግን ቡናው ነው።

ስለዚህ ቅርስ እንጠብቅ የምንል ሰዎች ዓይናችንን ከግድግዳው ወደ ሰዎቹ ማዞር አለብን። የጭቃውን ቤተ ክርስቲያን በሲሚንቶ ለመተካት የሚፈልግ በጎ አድራጊ ከገንዘቡ በፊት መጠየቅ ያለበት ጥያቄ አለ፦ ጭቃውን ማደስ የሚያውቁ እጆች ሥራ ቢያጡ በሥዕሉ ላይ ምን ይሆናል? የቆርቆሮ ክዳን የመንደሩን ድካም እንደሚያቀልል አልክድም። ነገር ግን ጥገናው ከሰው እጅ ወጥቶ ለሥራ ተቋራጭ በተሰጠ ቁጥር ቤተ ክርስቲያኑን ከትውልድ ወደ ትውልድ ያሸጋገረው ልማድ አብሮ ይሄዳል። ብርና ባለሙያ የሚመጣ ከሆነ የመንደሩን ወጣቶች አሰልጥኖ፣ በአገር ቤት ዕቃ፣ ከአባቶች ጋር ተመካክሮ ይሥራ።

ለዘጌ የሚያስፈልገው ነገር ረቂቅ አይደለም። የዘጌ ቡና በዘጌ ስም፣ በጥላ ሥር ማደጉና የገዳም ደን ቡና መሆኑ ታውቆ ቢሸጥ፣ ገበሬው ዛፉን በመጠበቁ ዋጋ ያገኛል። ማገዶ በመሸጥ ለሚኖሩት እናቶች ሌላ ሥራና ሌላ ነዳጅ ቢቀርብ፣ ደኑ ያለ ክስና ያለ እስር ይተርፋል። ከጎብኚ የሚገኘው ገቢ በሰበካ ጉባኤውና በቀበሌው በግልጽ ተቆጥሮ ለመንደሩ ትምህርት ቤትና ጤና ጣቢያ ድርሻ ቢወጣለት፣ ደን ጠባቂው ሁሉ የደኑ ተጠቃሚ ይሆናል። በአዲስ አበባ፣ በአሜሪካና በአውሮፓ ሆኖ ለገዳማት ገንዘብ የሚሰበስብ ምእመንም ለጉልላትና ለመጋረጃ ከሚልከው ጎን ለጎን ለቡና ችግኝ፣ ለቆሎ ተማሪው ስንቅና ለጭቃ ባለሙያው ደመወዝ ያስብ። የዘጌ ቤተ ክርስቲያናት ያለ ዘጌ ሰው አንድ ትውልድ እንኳ አይሻገሩም። የመንደሩ ሰው ቡናውን ለቅሞ፣ እህሉን ሸምቶ፣ ልጁን አስተምሮ መኖር እስከቻለ ድረስ ግን ቅዳሴው አይታጎልም፣ ደኑም አይመነጠርም። ገዳማቱን የሚወድ ሁሉ በቅድሚያ ለዚህ ሰው ኑሮ ይጨነቅ።